የቫይረስ ማስጠንቀቂያ የሚመላለስበት የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ላፕቶፕ ከተገዛ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዊንዶውስ 10 ነው ያለበት። ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ሰሞኑን ደግሞ በስክሪኑ የቀኝ ጥግ ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ የሚል ጽሑፍ ይመላለሳል። አንድ ዘመዴ ሁለት ጸረ ቫይረስና አንድ የማጽጃ ፕሮግራም ጫንበት አለኝ። ባለቤቴና ልጆቼም በዚሁ ላፕቶፕ ይጠቀማሉ፤ የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ችግሮች አሉ፤ አንዱ መንቀራፈፉ፣ ሌላው ማስጠንቀቂያው ነው። በአንድ ሰሞን ስለታዩ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል፤ እኔ ግን የሚገናኙ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ከቫይረስ ያልመጡ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ኮምፒውተር ሲዘገይ ቫይረስ ገባበት ብሎ መደምደም ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። የዛሬዎቹ ጎጂ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ዓላማቸው የይለፍ ቃልና የገንዘብ መረጃ መስረቅ ስለሆነ እንዲታወቅባቸው አይፈልጉም፤ አንዳንዶቹ የሚፈልጉትን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገልብጠው ከላኩ በኋላ ዱካቸውን አጥፍተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ፈጣኑ ኮምፒውተር ጤነኛ፣ ቀርፋፋው በሽተኛ ነው የሚለው መለኪያ አያስኬድም። የዘመድዎን ምክር ለጊዜው ያቆዩት፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር ነው። የቤተሰቡ ፎቶ ያለው ስድስት ዓመት ባገለገለ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቅጂ ሳይወስዱ ሌላ ምንም ነገር አይንኩ።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከሩ ሳህኖችና ከሳህኖቹ በላይ ለጥቂት ከፍ ብሎ የሚመላለስ ማንበቢያ ያለው መካኒካል ዕቃ ነው። ሲያረጅ አንዳንዴ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምልክት ሳይሰጥ አንድ ቀን ጠዋት አልከፍት ይላል። ያንን ድምፅ ከሰሙ ላፕቶፑን ወዲያው አጥፍተው ከተበላሸ ዲስክ መረጃ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡ፤ እንዲህ ያለውን ዲስክ በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽም ሆነ በመጠገኛ ፕሮግራም ማስሠራት የቀረችውን አቅም መጨረስ ነው። ድምፅ ከሌለ ግን ዛሬውኑ ፎቶዎቹንና ሰነዶቹን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል መመሪያ አለ፤ ከአንድ ፋይል 3 ቅጂ ይኑር፣ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ማከማቻ ላይ ይቀመጡ፣ 1ዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ማለት ከላፕቶፑ ሌላ አንድ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም ዘመድ ቤት በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ማኖር ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የውጭውን ዲስክ ዓመቱን ሙሉ እንደተሰካ መተው ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም ላፕቶፑን ሲይዝ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል፤ ስለዚህ ገልብጠው ሲጨርሱ ይንቀሉት። ሁለተኛው ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር የሚመሳሰል ፎልደርን እንደ መጠባበቂያ መቁጠር ነው። ማመሳሰል ማለት እዚህ የሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል ማለት ነው፤ ልጅዎ አንድ ፎልደር በስሕተት ቢያጠፋ ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል፤ በጉግል ድራይቭ የቆሻሻ መጣያ ውስጥም የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ፍላሽ ዲስክም ዕቃ ለማመላለስ እንጂ ለዓመታት ለማስቀመጥ የታሰበ አይደለም። ገልብጠው ከጨረሱ በኋላ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶዎችን ከፍተው ይመልከቱ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው እንሂድ። በሚቀጥለው ጊዜ ብቅ ሲል አይዝጉት፤ ከላይ ወይም ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። መልእክቱ ከዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ የመጣ ከሆነ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚል ስም ይኖረዋል። የእርስዎ ግን «ጉግል ክሮም» ወይም «ማይክሮሶፍት ኤጅ» የሚል የብራውዘር ስምና ከሥሩ ሰምተውት የማያውቁት የድረ ገጽ አድራሻ ያለበት እንደሆነ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ኮምፒውተሩን የመረመረው አካል የለም፤ አንድ ድረ ገጽ ማስታወቂያ እየላከብዎት ነው። ፈቃዱን ያገኘው ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ ፊልም ወይም ጨዋታ ሲፈልግ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» የሚል ገጽ ገጥሞት እንዳለው ስላደረገ ነው። ያ አዝራር ሮቦት መሆንና አለመሆንን አይመለከተውም፤ ትርጉሙ «ይህ ድረ ገጽ ብራውዘሩ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ መልእክት ይላክልኝ» ማለት ነው። መፍትሔው ፈቃዱን መንጠቅ ነው። በክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ብለው ሲገቡ የተፈቀደላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር ያገኛሉ፤ የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ። እዚያው ገጽ ላይ ድረ ገጾች ይህን ፈቃድ ከናካቴው እንዳይጠይቁ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ለቤተሰብ ኮምፒውተር ይህንን እመርጣለሁ። በስልክ ላይም ተመሳሳይ መልእክት የሚመጣበት ሰው በዚሁ መንገድ ያጠፋዋል።

ከዚህ የከፋው ዓይነት ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍነው ነው። የማይክሮሶፍት ዓርማ ለጥፎ፣ በድምፅ እየጮኸ፣ «ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል፤ መዝጊያውን ስለሚደብቀው ሰው ኮምፒውተሩ የተቆለፈ ይመስለዋል። የተከፈተው ግን አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ከዝርዝሩ ብራውዘሩን መርጠው «ኤንድ ታስክ» ካሉት ይዘጋል፤ ዳግመኛ ሲከፍቱት ቀድሞ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ይበሉት። ማይክሮሶፍት በስሕተት መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያወጣም፤ ስለዚህ ቁጥር ያለበት ማስጠንቀቂያ ምንም ተጨማሪ ምርመራ ሳያስፈልገው ሐሰተኛ ነው። የሚደውል ሰው ምን እንደሚገጥመው ማወቁ ይጠቅማል። ትሕትና የተሞላ ድምፅ ያለው «ባለሙያ» ኮምፒውተሩን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያስችል እንደ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ያለ ፕሮግራም እንዲጭን ይጠይቀዋል፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሕጋዊ መሣሪያዎች ናቸው። ከዚያ «ኢቬንት ቪወር» የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍቶ በቀይና በቢጫ ምልክት የተሞላ ዝርዝር ያሳየዋል። ዝርዝሩ እውነተኛ ስለሆነ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህ መዝገብ በማንኛውም ደኅና ኮምፒውተር ላይ በእንደዚህ ዓይነት ምልክቶች የተሞላ ነው፤ የእኔም ላይ አለ፤ አንድ ፕሮግራም ከተጠበቀው በላይ ቢዘገይ እንኳ እዚያ ይመዘገባል።

ዘመድዎ ስለመከሩት ጸረ ቫይረስ፦ ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባለውን ጥበቃ ይዘው ይመጣሉ፤ ክፍያ የለውም፤ ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ በቂ ነው የሚል እምነት አለኝ። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይጠፋል። ሁለት ሌሎች አንድ ላይ ሲጫኑ ግን እያንዳንዱን የሚከፈት ፋይል ሁለቱም ስለሚፈትሹትና አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ አደጋ ሊያየው ስለሚችል፣ የተንቀራፈፈው ላፕቶፕ ጨርሶ ይቆማል። ይልቅ ጥርጣሬዎን ለማጥራት ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተው፣ ከቫይረስ መከላከያው ክፍል ስካን ኦፕሽንስ የሚለውን መርጠው፣ «ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚባለውን ያስኪዱ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ራሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዲስኩን ይመረምራል፤ ተደብቆ የሚሠራ ጎጂ ፕሮግራም መደበቂያ የሚያጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከመጀመርዎ በፊት የከፈቱትን ሥራ ሁሉ ያስቀምጡ።

ስለማጽጃ ፕሮግራሞች ያለኝ አስተያየት ከዚህም ጠንከር ያለ ነው፤ አይጫኑ። «ሬጂስትሪ» የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ እናጸዳለን የሚሉት ፕሮግራሞች ፍጥነት አይጨምሩም፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገውን መስመር ሰርዘው ሌላ ፕሮግራም ያበላሻሉ፤ ማይክሮሶፍትም በእነርሱ መጠቀምን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የሚባለው በዓለም እጅግ የታወቀው የማጽጃ ፕሮግራም በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆ፣ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደው ቅጂ ጎጂ ኮድ ተሸክሞ ወጥቷል፤ ያ ቅጂ 2.27 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ዘንድ ደርሶ ነበር። ለማጽዳት ሲባል የሚጫን እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ በር ይከፍታል። ዲስኩ ከሞላ በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም ስቶሬጅ ብለው ገብተው ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጥፉ፤ ይህ የዊንዶውስ የራሱ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል መስመር ስላለ ምልክት ሳያደርጉበት ይለፉት፤ ያወረዷቸው ሰነዶች ሁሉ ያሉት እዚያ ነው።

መንቀራፈፉን በግምት ከማከም መለካት ይሻላል፤ መለኪያውም እላይ ያልነው ታስክ ማናጀር ነው። ላፕቶፑ ተነሥቶ ሲንገታገት ይክፈቱትና ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ሦስት ዓምዶች ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ። የዲስኩ ዓምድ 100% ላይ ተሰክቶ ሲፒዩው ከ10 እና ከ20% የማያልፍ ከሆነ፣ አንጎሉ ሥራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ላይ ዲስኩ ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ) ወይም ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው) መሆኑ ተጽፎ ያገኙታል። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይጨመራል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በየቦታው የተበታተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይከፍታል። የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ተመሳሳዩን ፋይል ለማግኘት የአንድ ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይበቃዋል። እንግዲህ የእርስዎ ላፕቶፕ ኤችዲዲ ያለው ከሆነ ምንም ዓይነት ጽዳት፣ ምንም ዓይነት ፕሮግራም ማራገፍ ይህንን ልዩነት አይሞላውም፤ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየር ነው መፍትሔው፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚደረጉ ወጪዎች ሁሉ እንደዚህ የሚክስ አላውቅም። ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ፋይሎቹን እንዳሉ ወደ አዲሱ ማዛወርም ይቻላል።

ዲስኩ ደኅና ሆኖ የሜሞሪው ዓምድ ሁልጊዜ ከ85% በላይ ከሆነ ራሙ፣ ማለትም ሜሞሪው፣ ጠቧል። 4 ጊጋባይት ራም ይዞ ብዙ የብራውዘር ገጾችን መክፈት ከባድ ነው፤ ላፕቶፑ የሚቀበል ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ፣ ካልሆነም የብራውዘር ገጾችንና ተጨማሪ ቅጥያዎችን መቀነስ ያዋጣል። «ስታርትአፕ» በሚለው ገጽ ላይ ዊንዶውስ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል፤ የሙዚቃ፣ የጨዋታና የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራሞች እዚያ ምንም ሥራ ስለሌላቸው «ዲዜብል» ያድርጓቸው፤ ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ሲፈልጉት ራስዎ ይከፍቱታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ሲሉት ኮምፒውተሩ በቶሎ እንዲነሣ የሥርዓቱን ዋና ክፍል በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሙሉ በሙሉ አዲስ ሆኖ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲባል ነው። ማታ ማታ እያጠፋሁት ለምን ያው ችግር ይደጋገማል ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የማራገቢያው ጩኸት የሙቀት ምልክት ነው። ሲፒዩ ከተፈቀደለት ሙቀት ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ስለዚህ በአቧራ የተደፈነ ላፕቶፕ ትኩስ ብቻ ሳይሆን ቀርፋፋም ይሆናል። አልጋና ትራስ ላይ አድርጎ መጠቀም ከሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይዘጋል። አቧራውን ለማውጣት ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ በጣሳ የታሸገ አየር በአጭር በአጭሩ ይንፉበት፤ በዚህ ጊዜ የማራገቢያውን ክንፍ በቀጭን እንጨት ያዝ ያድርጉት፤ አለዚያ በአየሩ ግፊት ከአቅሙ በላይ ፈጥኖ ይዞርና መሽከርከሪያው ይጎዳል። የቤት መጥረጊያ ማሽን ግን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ክፍሎቹን ሊያበላሽ ስለሚችል አይጠቀሙበት።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ሌላው ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት የዚህን ሥርዓት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ምዝገባም አለ። ማሻሻያ የማያገኝ ሥርዓት ዛሬ እንደ ትናንቱ ይሠራል፤ ልዩነቱ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችንና ድርጅቶችን ሲያቆም፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ የተጎዱት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያልጫኑ ነበሩ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ሲፒዩ ይፈልጋል፤ የስድስት ዓመት ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ያሟላል። «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ያሟላ እንደሆነ ይነግርዎታል። ካላሟላ ሊነክስ ሚንት የመሳሰለ ነጻ ሥርዓት ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ሥራ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የለመዱት የዊንዶውስ ፕሮግራም ግን እዚያ ላይሠራ ስለሚችል ቀድመው ያጣሩ።

ላፕቶፑን ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምበት መሆኑ ከቫይረስ ማስታወቂያው ይልቅ ትኩረት ይሻል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት ይክፈቱ፤ የልጆቹም ሆነ የእርስዎ የዕለት ተዕለት አካውንት «ስታንዳርድ» ይሁን፤ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው አንድ ለብቻው ይቀመጥ፣ የይለፍ ቃሉንም ልጆቹ አይወቁት። አንድ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሥርዓት ሊነካ ሲፈልግ ይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ልጁም መጥቶ ይጠይቅዎታል፤ አብዛኛው ጥበቃ ያለው በዚያች ንግግር ውስጥ ነው። ዛሬ ጎጂ ፕሮግራም በስፋት ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የክፍያ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚሰራጭ ሶፍትዌርና የጨዋታ ማጭበርበሪያ ነው። አብሮት የሚመጣው መመሪያ «መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን ያጥፉ» የሚል ከሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እነዚህ ፕሮግራሞች በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ብቻ ሳይሆን ኩኪ የሚባሉትን፣ ማለትም ድረ ገጹ በየጊዜው እንዳይጠይቅዎት «ይህ ሰው ገብቷል» ብሎ የሚያስቀምጣቸውን ምልክቶች ይወስዳሉ። ኩኪውን የያዘ ሌባ የይለፍ ቃልም የማረጋገጫ ኮድም ሳይጠየቅ አካውንቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው የተጠረጠረ ፋይል ከተከፈተ በኋላ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻ የማይበቃው፤ በየአካውንቱ ሴቲንግ ገብቶ ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣትም ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ የፋይል ዓይነት የሚያመለክቱትን የመጨረሻ ፊደላት በመደበኛው ይደብቃል። ጄፒጂ የፎቶ፣ ኢኤክስኢ ደግሞ የፕሮግራም ምልክት ነው፤ «ሠርግ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» የሚባል ፕሮግራም «ሠርግ.ጄፒጂ» ተብሎ ብቻ ይታያል፤ በፎቶ ምልክት የተሸፈነ ከሆነ ፎቶ ነው ብሎ የማይከፍተው ጥቂት ሰው ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ከሚለው «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ፍላሽ ሲሰኩም ፋይሎቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመራ አቋራጭ ምልክት) ተለውጠው ካገኙ አይክፈቱ፤ ፎርማትም አያድርጉት። ሾርትከቱን መክፈት ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ መጋበዝ ነው፤ ትክክለኛዎቹ ፋይሎች ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ፍላሽ ላይ ተደብቀው ይገኛሉ፤ በዲፌንደር ካስፈተሹ በኋላ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ በማድረግ ይወጣሉ።

ከአካውንቶችዎ ሁሉ ኢሜይልዎን ያስቀድሙ፤ የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በእሱ በኩል ስለሆነ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ቀሪዎቹን በየተራ ይወስዳል። የይለፍ ቃሉ ረጅምና ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ይሁን። በየሦስት ወሩ መቀየር፣ ምልክትና ቁጥር መሰግሰግ የሚለው የቆየ ትእዛዝ ሰዎችን የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እየቀየሩ እንዲሄዱ ስላደረገ፣ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህንን ልማድ ትቶ ርዝመትን አስቀድሟል። እያንዳንዱን በቃል መያዝ ስለማይቻል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ይጠቀሙ። በወረቀት ጽፎ በተቆለፈ መሳቢያ ማስቀመጥን የሚያሾፉበት አሉ፤ እኔ ግን አንድን የይለፍ ቃል በዐሥር ቦታ ከመጠቀም እጅግ የተሻለ ነው እላለሁ። በዚህ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ያብሩ፤ ኮዱን በስልክዎ ላይ የሚያወጣ አፕ በኤስኤምኤስ ከሚመጣው ይመረጣል። በይለፍ ቃል ፈንታ በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ላይ የሚቀመጠውን፣ ፓስኪ የሚባለውን መግቢያ የሚቀበል ድረ ገጽ ካለ ደግሞ እሱን ይምረጡ፤ ፓስኪ ከእውነተኛው ድረ ገጽ ሌላ ቦታ ስለማይሠራ በሐሰተኛ ገጽ ሊነጠቅ አይችልም።

ኮዱን ለማንም አይንገሩ፤ ለሚያውቁት ሰው እንኳ። «በውድድር ላይ ነኝና ድምፅ ስጡኝ» የሚል ሊንክ ከጓደኛዎ በቴሌግራም ቢመጣና ገጹ ስልክ ቁጥርዎን፣ ከዚያም የደረሰዎትን ኮድ ቢጠይቅ፣ የጓደኛዎ አካውንት ቀድሞ ተወስዷል፤ ቀጣዩ ተረኛ እርስዎ ነዎት። ኮዱን ባስገቡባት ቅጽበት ሌላ ሰው በእርስዎ ስም ይገባል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» በሚለው ስር አካውንትዎ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ማየትና የማያውቁትን ማስወጣት ይችላሉ። ሊንክ ሲያነቡ ደግሞ ከመነሻው «https://» ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያውን እዝባር (/) ፈልገው ከእሱ በስተግራ ያለውን ስም ከመጨረሻው ጀምረው ይመልከቱ። «ባንኬ.ኮም.ማረጋገጫ-ገጽ.ኔት/ባንኬ» በሚለው አድራሻ የገጹ ባለቤት «ማረጋገጫ-ገጽ.ኔት» ነው፤ ከፊት ያለው «ባንኬ.ኮም» ለዓይን ማታለያ የተለጠፈ ነው። በብራውዘር ከአድራሻው ጎን ይታይ የነበረው የተቆለፈ ቁልፍ ምልክት መረጃው በመንገድ ላይ አለመነበቡን እንጂ ባለቤቱ ታማኝ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አጭበርባሪዎችም በነጻ ያገኙታል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ምልክት ከአድራሻው ጎን ያነሣው ሰዎች በዚሁ ስለሚሳሳቱ ነው።

ኢንተርኔቱን ለቤቱ ስለሚያከፋፍለው ራውተር ብዙ አልልም፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ዋይፋዩን ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 በሚባለው የመቆለፊያ ዘዴ ይቆልፉ፣ ማሻሻያ ካለው ይጫኑለት።

ከቤተሰቡ አንዱ በዚያ ማስጠንቀቂያ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሎ፣ ሰው ላፕቶፑ ውስጥ ከርቀት አስገብቶ ከሆነ ሳይወቅሱ ይጠይቁት፤ ካፈረ ይደብቃል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ቀጥሎ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ የኢሜይሉንና የባንኩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ለባንኩም በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ። ላፕቶፑን ከዚያ በኋላ ማመን የሚቻለው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንበት ነው። ከሳምንታት በኋላ «የጠፋ ገንዘብዎን እናስመልሳለን» የሚል ሌላ ደዋይ ቢመጣ ከእነዚያው ወገን ነው።

ላፕቶፑን ዲስክ ለማስቀየር ለጥገና ሲወስዱት ሠራተኛው የዊንዶውስ መክፈቻዎን ከጠየቀ፣ የግል ፋይል የሌለበት አካውንት ከፍተው የእሱን ይስጡት። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የቤተሰቡን መረጃ ሁሉ እንደያዘ ስለሚወጣ እዚያው አይተዉት፤ ርካሽ በሆነ የዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ ሲገባ የውጭ ዲስክ ሆኖ ያገለግላል። አዲሱ ያለችግር መሥራቱን ጥቂት ሳምንታት እስኪያዩ ድረስ ምንም ሳይሰርዙበት ያስቀምጡት።